የጥንታዊ አሜሪካ ሪቮልቨሮች ስያሜና ካሊበር፦ «ኔቪ»፣ «አርሚ» እና «1858» ምን ይመሰክራሉ?

አኅጽሮተ ጥናት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ የተሠሩት ባሩድና እርሳስ የሚጎርሱ ሪቮልቨሮች ዛሬ የሚጠሩባቸው ስሞች በአንድ ሥርዓት የወጡ አይደሉም። አንዳንዱ ስም የካሊበር መለያ ነው፤ አንዳንዱ መሣሪያው የተሠራበትን ከተማ ወይም ያሠራውን ሰው ያስታውሳል፤ አንዳንዱ የፈጠራ መብት (ፓተንት) የተሰጠበት ቀን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዘመኑ በኋላ የመጡ ሰብሳቢዎች ያወጡት ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ የኮልትንና የሬሚንግተንን ሥራዎች በምሳሌነት ወስዶ የእነዚህን ስሞች ምንጭ ይለያል። የካሊበር ቁጥርም ራሱ የትኛውን ልኬት እንደሚያመለክት ይመረምራል። ስም ብቻውን የመሣሪያውን የሥራ ዘመንም ሆነ የባለቤቱን ማንነት ለማስረዳት እንደማይበቃ ካሳየ በኋላ፣ ለቅርስ ምዝገባ የሚረዳ አሠራር ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሪቮልቨር፣ ካሊበር፣ ስያሜ፣ ፓተንት፣ ኮልት፣ ሬሚንግተን፣ የቅርስ ምዝገባ

1. መግቢያ

በአንድ የቅርስ መዝገብ ላይ «ሬሚንግተን፣ ሞዴል 1858፣ ካሊበር .44» የሚል ካርድ ቢገኝ፣ አንባቢው ሽጉጡ በ1858 ወይም በዚያ አካባቢ እንደተሠራ ይገምታል። በሌላ ካርድ ላይ «ኮልት ኔቪ»፣ ማለትም «የባሕር ኃይል ኮልት»፣ ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ ባለቤቱ መርከበኛ እንደነበረ ያስባል። ሁለቱም ግምቶች አሳሳች ናቸው። የመጀመሪያው ሽጉጥ ከ1863 ወዲህ የተሠራ የመሆን ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው። የሁለተኛው ባለቤት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በፈረስ ኮርቻ ላይ ያሳለፈ፣ መርከብ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የቃላት ጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ያቆየው ሽጉጥ በኤፕሪል 1862 በተካሄደው የሻይሎ ውጊያ ላይ ከጠላት እንደተማረከ የሚተርክ ትውፊት አለ እንበል። ሽጉጡ «የ1858 ሬሚንግተን» ተብሎ ከተመዘገበ ትውፊቱና መዝገቡ ይስማማሉ። ሆኖም በበርሜሉ ላይ «ኒው ሞዴል» የሚል ጽሑፍ ከታተመበት፣ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ መሠራት የጀመረው በ1863 ስለሆነ፣ ትውፊቱ በዚህ ሽጉጥ ሊደገፍ አይችልም። በስም የተነሣ ሐሰተኛ ማስረጃ እውነት መስሎ ይቀመጣል ማለት ነው። ቁሳዊ ቅርስን እንደ ታሪክ ምንጭ የሚጠቀም ተመራማሪ የስሞቹን አመጣጥ ሊያውቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት የመሣሪያዎቹን አሠራር በአጭሩ ማስረዳት ይጠቅማል። በእነዚህ ሪቮልቨሮች ውስጥ ቀለህ ያለው ጥይት የለም። ተኳሹ በሚሽከረከረው ሲሊንደር ላይ ባሉት መጉረሻ ቤቶች በፊት በኩል ባሩድ ይጨምራል፤ ከባሩዱ በላይ ድቡልቡል የእርሳስ አረር አስቀምጦ በርሜሉ ሥር በተገጠመው ዘንግ ይጠቀጥቀዋል። በእያንዳንዱ መጉረሻ ቤት ጀርባ ባለችው ጡት መሰል ቀዳዳ ላይ፣ ሲመታ የሚነድ ቅመም የያዘች ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደፋለች። ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ቆቧን ይመታል፤ እሳቱም በቀዳዳዋ አልፎ ባሩዱን ይለኩሳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ካሊበሮቹም በኢንች ተሰጥተዋል።

2. በከተማና በሰው የተሰየሙት፦ ፓተርሰንና ዎከር

ሳሙኤል ኮልት ለተሽከርካሪ መሣሪያው የአሜሪካን ፓተንት ያገኘው በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1836 ነው። የመጀመሪያው ፋብሪካ የተቋቋመው በኒው ጀርሲ ግዛት በፓተርሰን ከተማ ሲሆን እስከ 1842 ሠርቶ ተዘጋ። በዚያ የተሠሩት ሽጉጦች ዛሬ በጅምላ «ፓተርሰን» ይባላሉ። ይሁን እንጂ ስሙ የከተማው እንጂ የአንድ ሞዴል አይደለም። በዚህ አንድ ስም ሥር ከ.28 እስከ .36 የሚደርሱ የተለያዩ ካሊበሮች ያሏቸው፣ በኪስ፣ በቀበቶና በኮርቻ ሰገባ የሚያዙ አምስት ጎራሽ ሽጉጦች ይገኛሉ። ስለዚህ «ኮልት ፓተርሰን» የሚል መዝገብ የሥራውን ዘመን በጥሩ ሁኔታ ይወስናል፤ ስለ ካሊበሩ ግን የሚናገረው ነገር የለም።

ከእነዚህ መካከል ትልቁ፣ ቁጥር 5 የሚባለው ባለ .36 ካሊበር ሽጉጥ፣ ለኋለኛው የስያሜ ታሪክ መነሻ ነው። በ1839 ያን ጊዜ ነጻ መንግሥት የነበረችው የቴክሳስ ሪፐብሊክ ለባሕር ኃይሏ 180 ያህል ገዛች። የመርከቦቹ አገልግሎት ሲያበቃ መሣሪያዎቹ በምድር ወደሚዋጉት የቴክሳስ ሬንጀሮች ተላለፉ፤ በ1844 በጆን ሄይስ የሚመሩት ሬንጀሮች ከኮማንቼ ተዋጊዎች ጋር ባደረጉት ግጥሚያም ዝና አተረፉ። እንግዲህ «ባሕር ኃይል» ከሚለው ቃል ጋር በኋላ የተቆራኘው የ.36 ካሊበር ገና ከጅምሩ በባሕር ተገዝቶ በየብስ የተዋጋ ነው።

በዚህ ግጥሚያ ከተሳተፉት አንዱ ሳሙኤል ዎከር ነበር። የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት ሲነሣ ካፒቴን ዎከር ከኮልት ጋር በደብዳቤ ተገናኝቶ የበለጠ ኃይል ያለው፣ ስድስት የሚጎርስና በፈረስ ላይ ለመጉረስ የሚመች ሽጉጥ እንዲሠራ ጠየቀ። በጃንዋሪ 1847 የ1,000 ሽጉጦች ውል ተፈረመ። ኮልት በዚያን ጊዜ የራሱ ፋብሪካ ስላልነበረው ሥራው በኮነቲከት ግዛት ዊትኒቪል በሚገኘው በታናሹ ኢላይ ዊትኒ ፋብሪካ ተከናወነ። ለሽያጭ የወጡት 100 ሲጨመሩ ጠቅላላው ቁጥር 1,100 ሆነ። ካፒቴኑ በዚያው ዓመት በኦክቶበር በሁዋማንትላ ሲሞት ስሙ በመሣሪያው ላይ ቀረ። ስለዚህ «ዎከር» የሚለው ስም በዚህ ጽሑፍ ከሚጠቀሱት ሁሉ እጅግ ጠባቡ ነው፤ አንድ ዓመት፣ አንድ ፋብሪካና አንድ ካሊበር፣ ማለትም .44ን፣ በአንድ ቃል ይወስናል።

ዎከር ወደ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን በመሆኑ በሰው ወገብ ላይ የሚታሰር አልነበረም፤ ቦታው በኮርቻው ላይ የተንጠለጠለ ሰገባ ነበር። ከ1848 ጀምሮ በሃርትፎርድ ከተማ የተሠሩት ተከታዮቹም ካሊበራቸው .44 ሆኖ ክብደታቸው ወደ 1.9 ኪሎ ግራም ወረደ። ሰብሳቢዎች እነዚህን ከፈረሰኛው ክፍል ስም ወስደው «ድራጉን» ይሏቸዋል፤ ኩባንያው ግን የሰገባ ሽጉጥ እያለ ይሸጣቸው ነበር። በዚህ መንገድ .44 የፈረሰኛ ካሊበር ሆኖ ተተከለ።

3. «ኔቪ» እና «አርሚ»፦ የካሊበር እንጂ የባለቤት ስም አይደሉም

ከ1850 ጀምሮ ኮልት ከድራጉን በእጅጉ የቀለለ፣ 1.2 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ በወገብ የሚታጠቅ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ማምረት ጀመረ። ካሊበሩ .36 ነበር። ኩባንያው ለዚህ ሽጉጥ የሰጠው መጠሪያ «በባሕር ኃይል ካሊበር የተሠራ የቀበቶ ሽጉጥ» የሚል ትርጉም ያለው ነው። እዚህ ላይ የቃላቱ አቀማመጥ ሊስተዋል ይገባል። መሣሪያውን የሚገልጸው ቃል «ቀበቶ» ነው፤ «ባሕር ኃይል» የሚገልጸው ካሊበሩን ብቻ ነው። ረጅሙ መጠሪያ በሰው አፍ ሲያጥር «ካሊበር» የሚለው ቃል ወደቀና «ኔቪ» ብቻ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አንባቢም ቅጽሉን ለባለቤቱ ሰጠው።

ለዚህ መደናገር ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸው ሥዕልም አስተዋጽኦ አድርጓል። ቀራጩ ዋተርማን ኦርምስቢ ሲሆን፣ ሥዕሉ የቴክሳስ መርከቦች በሜይ 16 ቀን 1843 በካምፔቼ አካባቢ ከሜክሲኮ መርከቦች ጋር ያደረጉትን ውጊያ ያሳያል። ፓተርሰንን ለገዛው ባሕር ኃይል መታሰቢያ መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን መታሰቢያ የባለቤትነት ማኅተም አይደለም። ከዚህ ሽጉጥ በሃርትፎርድ 215,000 ያህል፣ በለንደን በተከፈተው ቅርንጫፍ ደግሞ 42,000 ያህል ተሠርቷል፤ ይህም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሊያስታጥቀው ከሚችለው እጅግ የበዛ ነው። ከታወቁት ባለቤቶቹ መካከል የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ሊ እና በምዕራቡ ግዛቶች ሕግ አስከባሪ የነበረው ዋይልድ ቢል ሂኮክ ይገኙበታል። ሁለቱም የየብስ ሰዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳምነው ማስረጃ ግን ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። በ1860 ኮልት ለምድር ጦር የታሰበውን ባለ .44 ሽጉጥ አወጣ፤ ይህም «አርሚ» ተባለ። አዲሱ ሽጉጥ የተመሠረተው በ.36ቱ ኔቪ አካል ላይ ነበር። ሲሊንደሩ ከኋላው እንደ ኔቪው ቀጭን ሆኖ ከፊቱ በደረጃ እንዲወፍር ተደረገ፤ አካሉም ለዚያ ውፍረት ተቆርጦ ቦታ ተለቀቀለት። በዚህ ዘዴ የድራጉን ካሊበር በኔቪ ክብደት ተገኘ። ከጠቅላላው 200,000 ያህል ምርት ውስጥ ከ120,000 በላይ የሚሆነውን የሰሜኑ መንግሥት ገዛ። በዚህ «የምድር ጦር» ሽጉጥ ሲሊንደር ላይ የተቀረጸው ግን ያው የካምፔቼ የባሕር ውጊያ ነው። ስለዚህ መርከብ የተቀረጸበትን ሽጉጥ ሁሉ «ኔቪ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው ከኮልት ሥራዎች በጣም የተለመደውን አንዱን ለይቶ ማወቅ አይችልም ማለት ነው።

ሌሎች ምሳሌዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ኮልት በኪስ ለሚያዙ አነስተኛ ሽጉጦች የ.36 ካሊበር ሲሰጥ «የኪስ ሽጉጥ በኔቪ ካሊበር» ብሎ ሰየማቸው፤ የኪስ ሽጉጥ ደግሞ የማንኛውም ባሕር ኃይል መደበኛ ትጥቅ አልነበረም። በ1861 የወጣውና ሁለት ምላጭ ያለው የሳቬጅ ኩባንያ «ኔቪ» በ.36 ካሊበር የተሠራ ቢሆንም በእርስ በርስ ጦርነቱ አብዛኛው የደረሰው ለምድር ጦር ፈረሰኞች ነው። በደቡቡ በጆርጂያ ግዛት የግሪዝወልድና ጋኒሰን ፋብሪካ ከ1862 እስከ 1864 የሠራቸው፣ አካላቸው ከናስ ቅይጥ የሆነ 3,600 ያህል ሽጉጦችም የኮልት ኔቪን አሠራር የተከተሉ ባለ .36 ሲሆኑ ለየብስ ጦር የዋሉ ናቸው።

ሬሚንግተንም ይህንኑ ልማድ ተከትሎ ባለ .44ቱን «አርሚ»፣ ባለ .36ቱን «ኔቪ» ሲል፣ ሁለቱ ቃላት የአንድ ኩባንያ የንግድ ስም መሆናቸው ቀርቶ የመላው ሙያ የካሊበር ቋንቋ ሆኑ። በዘመኑ ሰነድ ውስጥ፣ ለምሳሌ በውርስ ዝርዝር ላይ፣ «አንድ የኔቪ ሽጉጥ» የሚል ቃል ያገኘ ተመራማሪ በቅድሚያ ሊረዳው የሚገባው «ባለ .36 የቀበቶ ሽጉጥ» የሚለውን ነው። የባለቤቱ ሙያ በሌላ ማስረጃ መረጋገጥ አለበት።

4. የፓተንት ቀን እንደ ሞዴል ስም፦ «የ1858 ሬሚንግተን»

በኒው ዮርክ ግዛት ኢልየን ከተማ የሚገኘው የሬሚንግተን ፋብሪካ የሠራቸው ሽጉጦች ከኮልት የሚለዩት የአካላቸው የላይኛው ክፍል ሲሊንደሩን ከላይ በሚያቅፍ ድልድይ የተዘጋ በመሆኑ ነው። ለመጠቅጠቂያው ዘንግና ለሲሊንደሩ ወስፌ አቀማመጥ ፎርዳይስ ቢልስ ፓተንት ያገኘው በሴፕቴምበር 14 ቀን 1858 ነው። ይህ ቀን በበርሜሉ ላይ ይታተም ነበር፤ ዛሬ ሽጉጡ «የ1858 ሬሚንግተን» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ በፓተንቱ ላይ የተመሠረቱት ትላልቅ ሽጉጦች በሦስት ተከታታይ መልክ የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው በፈጣሪው ስም «ቢልስ» የሚባለው ሲሆን የ.44ቱ ምርት በ1861 እና በ1862 የተወሰነ ነበር። ሁለተኛው በ1861 ዓመት ስም የሚታወቀው፣ የመጠቅጠቂያውን ዘንግ አሠራር ያሻሻለው ነው። ሦስተኛውና በብዛቱ ሌሎቹን የሚያስከነዳው «ኒው ሞዴል» ከ1863 እስከ 1875 ድረስ ተሠራ። በዚህ በመጨረሻው በርሜል ላይ የ1858ቱ ቀን፣ የፋብሪካው ስምና «ኒው ሞዴል» የሚለው ጽሑፍ በአንድነት ታትመዋል። መሣሪያው ራሱ «አዲስ ነኝ» እያለ ሲናገር፣ ልማዱ ግን ከጽሑፉ ውስጥ አሮጌውን ቀን ብቻ መርጦ ስም አደረገው።

ጽሑፉ ቢጠፋም መለያ ምልክቶች አሉ። በኒው ሞዴሉ ሲሊንደር ጀርባ፣ በመዳብ ቆቦቹ መቀመጫዎች መካከል፣ መዶሻው በደኅና የሚያርፍባቸው ትንንሽ ቁርጦች ይገኛሉ። እንዲሁም በርሜሉ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ጥርስ በሲሊንደሩ ፊት በኩል ይታያል። በመግቢያው የተጠቀሰውን ዓይነት ትውፊት የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት እነዚህን ነው።

የፓተንት ቀን ችግር በሬሚንግተን አያበቃም። የስታር ኩባንያ ባለ .44 ሽጉጥ «የ1858 ስታር» እየተባለ ሲጠራ በአካሉ ላይ የታተመው የፓተንት ቀን ግን ጃንዋሪ 15 ቀን 1856 ነው። በአንዱ ሽጉጥ ላይ የታተመው ቀን ስም ሲሆን፣ በሌላው ላይ የታተመው ቀን ከስሙ ጋር ይጋጫል። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የፓተንት ቀን መሣሪያው ከዚያ በፊት አለመሠራቱን እንጂ መቼ መሠራቱን አይናገርም።

5. የሰብሳቢዎች ስሞችና የቅጂዎች ተጽዕኖ

ዛሬ በመጻሕፍት ውስጥ የተለመዱት «1851»፣ «1860»፣ «1861» የሚሉ የኮልት ቁጥሮች በአብዛኛው የመሣሪያው ስም አካል የሆኑት በሰብሳቢዎች ሥራ ነው። ለሥርዓት ጠቃሚ መሆናቸው አይካድም። በተለይ የድራጉን «አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሞዴል» የሚለው ክፍፍል በሚታዩ ምልክቶች ላይ የቆመ ነው፤ የሲሊንደሩ መያዣ ጎድጎድ ሞላላ ወይም አራት ማዕዘን መሆኑ፣ የምላጩ መከለያም ጀርባ ቀጥ ያለ ወይም ክብ መሆኑ ይለየዋል። ይሁንና ሁሉም የሰብሳቢ ስም እንዲህ ጥብቅ አይደለም። «ቤቢ ድራጉን» የሚባለው የ1848 የኪስ ሽጉጥ መልኩ ድራጉንን ስለሚመስል ስሙን ወረሰ እንጂ ካሊበሩ .31 ነው። እርሱን የተካውና ከኮልት ባለቆብ ሪቮልቨሮች ሁሉ በብዛት የተሠራው፣ ከ300,000 በላይ የሆነው «የ1849 የኪስ ሽጉጥ»፣ ካሊበሩ እንዲሁ .31 ነው።

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጣሊያን የሚሠሩ ቅጂዎች ወደ ገበያ ሲገቡ አዲስ ዓይነት መደናገር ተፈጠረ። ከቅጂዎቹ መካከል የኮልት ኔቪን መልክ ይዘው በ.44 ካሊበር የተሠሩ፣ አንዳንዶቹም የናስ ቅይጥ አካል ያላቸው ይገኛሉ። «የ1851 ኔቪ .44» የሚለው መጠሪያ በዘመኑ ቋንቋ እርስ በርሱ የሚቃረን ነው፤ ኔቪ ማለት .36 ነበርና። ኮልት ይህን ሽጉጥ በ.44 አላመረተም። ስለዚህ የኔቪ ቅርጽ ይዞ ባለ .44 በርሜል ያለው ሽጉጥ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ቢቀርብ፣ መርማሪው ጥያቄ የሚያነሣበት የመጀመሪያው ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ረገድ የስያሜ ታሪክን ማወቅ ለቅርስ ማጣራት ቀጥተኛ መሣሪያ ይሆናል።

6. «ካሊበር» የቱን ይለካል?

እስካሁን ካሊበር ከስም የተሻለ ምስክር ሆኖ ቀርቧል። ይህም ቢሆን ቁጥሩ ራሱ ትርጓሜ ይፈልጋል። በበርሜሉ ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክሩ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቆርጠዋል። ስለዚህ አንድ በርሜል ሁለት የውስጥ ልኬቶች አሉት፤ ቦዮቹ ከመቆረጣቸው በፊት የነበረው ጠባብ ቀዳዳ አንዱ ነው፤ ከአንዱ ቦይ ወለል እስከ ትይዩው ወለል ያለው ሰፊ ልኬት ሌላው ነው። የእነዚህ ሪቮልቨሮች ካሊበር የሚሰየመው በጠባቡ ነው። አረሩ ግን ቦዮቹን መሙላት ስላለበት ከስሙ ይበልጣል። መጉረሻ ቤቱ ውስጥ ሲጠቀጠቅም ከዙሪያው ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተልጦ ይቀራል፤ ይህም አረሩ በጥብቅ መቀመጡን ያሳያል።

በዚህ መሠረት ለ.31 ሽጉጥ 0.32 ኢንች ገደማ (8.1 ሚሊ ሜትር)፣ ለ.36 ሽጉጥ 0.375 ኢንች (9.5 ሚሊ ሜትር)፣ ለ.44 ሽጉጥ ደግሞ ከ0.451 እስከ 0.454 ኢንች (11.5 ሚሊ ሜትር ያህል) የሆነ አረር ይስማማል። በቁፋሮ የተገኘ 9.5 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል አረር የለካ ሰው «ይህ .375 ነውና ከኔቪ ሽጉጥ ሊሆን አይችልም» ቢል፣ በትክክል ለክቶ በተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

በካሊበሮቹ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ከሚመስለው ይበልጣል። የድቡልቡል አረር ክብደት ከዙሪያው ስፋት ጋር በኩብ ስለሚያድግ፣ የ.36ቱ አረር 5.1 ግራም ሲመዝን የ.44ቱ 9.1 ግራም ይመዝናል፤ ይህም ወደ 1.8 እጥፍ ነው። ለፈረሰኛው ክፍል ከባድ ሽጉጥ፣ ለወገብ ቀላሉ የመመረጡ ምክንያት ከዚህ ስሌት ይነበባል። በዘመኑ አረርን ከአንድ ፓውንድ (454 ግራም) እርሳስ በሚወጣው ብዛት መግለጽም የተለመደ ነበር። በዚህ አቆጣጠር ከአንድ ፓውንድ 50 ያህል የ.44 ወይም 88 ያህል የ.36 አረሮች ይወጣሉ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ አረሩ ስለሚተልቅ፣ ነጥብ የሌለው ቁጥር በሰነድ ውስጥ ሲገኝ ወዲያውኑ ወደ ኢንች መለወጥ አይገባም። የኒው ኦርሊንሱ ዣን አሌክሳንደር ለማት የፈጠረው ሪቮልቨር ሁለቱን ልኬቶች በአንድ መሣሪያ ያገናኛል፤ ዘጠኝ ጎራሹ ሲሊንደር በ.42 ኢንች ሲገለጽ፣ በመካከሉ ያለው የእርሳስ ፍንጣሪ የሚተኩስ በርሜል ግን 20 ጌጅ ይባላል፤ ይህም ከአንድ ፓውንድ 20 ድቡልቡል የሚወጣበት ስፋት ማለት ነው።

የዚህ አሰያየም ውርስ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ከጀርባው ድረስ የተበሳ ሲሊንደርን በተመለከተ ሮሊን ዋይት በኤፕሪል 1855 ያገኘው ፓተንት በስሚዝና ዌሰን እጅ ስለነበር፣ ሌሎች ፋብሪካዎች እስከ 1869 ድረስ ባለቀለህ ሪቮልቨር በነጻነት መሥራት አልቻሉም። መብቱ ሲያበቃ የቀድሞዎቹ ሽጉጦች ለቀለህ ተለወጡ። የ.36 ኔቪ በርሜል ግን ሳይለወጥ ቀረ። አዲሱ ጥይት ቦዮቹን ለመሙላት 0.375 ኢንች መሆን ስላስፈለገው በሰፊው ልኬት ተጠግቶ «.38» ተባለ። በኋላ የጥይቱ አሠራር ተለውጦ አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሲገባ ወደ 0.357 ቢቀንስም ስሙ አልተለወጠም። ዛሬ «.38» የሚባለው ጥይት ትክክለኛ ልኬቱ ከጥንቱ .36 እንኳ ያነሰ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። በ.44 ስም የሚጠሩት የኋለኞቹ ጥይቶችም አረራቸው 0.429 ኢንች ሲሆን፣ ከጥንቱ ድቡልቡል አረር በ0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። አንድ ቁጥር በሁለት ዘመን ሁለት ነገር ይሰይማል ማለት ነው።

7. ለምዝገባ የሚበጅ አሠራር

ከላይ የቀረበው ትንተና ለመዝጋቢና ለተመራማሪ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠቁማል።

አንደኛ፣ በመሣሪያው ላይ የታተመው ጽሑፍ ሁሉ እንዳለ ይገለበጣል፤ የፓተንት ቀንም «የፓተንት ቀን» ተብሎ በራሱ ሳጥን ይመዘገባል እንጂ ወደ ሥራ ዘመን አይዛወርም።

ሁለተኛ፣ የመጉረሻ ቤቱ አፍ፣ የበርሜሉ ጠባብ ልኬትና የቦዮቹ ልኬት በሚሊ ሜትር ለየብቻ ይለካሉ። «.36» ወይም «.44» የሚለው መጠሪያ የሚጻፈው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ሞዴሉን የሚለዩ የአካል ምልክቶች፣ ማለትም የጎራሽ ቁጥር፣ የሲሊንደሩ ደረጃ፣ በቆቦቹ መቀመጫዎች መካከል ያለው ቁርጥና የምላጩ መከለያ ቅርጽ፣ ይገለጻሉ፤ ተከታታይ ቁጥሩም ይያዛል።

አራተኛ፣ «ኔቪ»፣ «ድራጉን»፣ «1858» የመሳሰሉት ልማዳዊ ስሞች «በተለምዶ የሚጠራበት» በሚል ርእስ ሥር ይገባሉ። አንባቢዎች የሚፈልጉት በእነዚህ ስሞች ስለሆነ መሰረዝ የለባቸውም፤ የማስረጃ ቦታ ግን አይሰጣቸውም።

አምስተኛ፣ የባለቤትነትና የውጊያ ትውፊት ከእነዚህ ከአራቱ ውጤቶች ጋር ተነጻጽሮ ይመዘናል።

ይህ አሠራር ከአሜሪካ ሪቮልቨሮች ውጭም ይጠቅማል። በኢትዮጵያ የታሪክ ምንጮች ውስጥ የሚገኙት «ውጅግራ» እና «ሰናድር» የሚሉት የጠመንጃ ስሞች፣ የመጀመሪያው ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ»፣ ሁለተኛው ከእንግሊዙ «ስናይደር» የተወረሱ ናቸው። እነዚህም የንድፍ ስሞች ናቸው እንጂ የአንድን ጠመንጃ የሥራ ዓመትና ፋብሪካ ብቻቸውን አይወስኑም።

8. ማጠቃለያ

የጥንታዊ አሜሪካ ሪቮልቨሮች ስሞች እያንዳንዳቸው አንድ እውነት ይይዛሉ፤ ችግሩ የሚመጣው አንባቢው ከስሙ የሚጠብቀው እውነት ሌላ ሲሆን ነው። «ፓተርሰን» ቦታንና ዘመንን፣ «ዎከር» ሰውን፣ «ኔቪ» እና «አርሚ» ካሊበርን፣ «1858» የፈጠራ መብትን ይናገራሉ። «ኔቪ» ስለ መርከበኛ፣ «1858» ስለ ሥራ ዓመት ሲጠየቁ ግን መልሳቸው ሐሰት ይሆናል። የካሊበር ቁጥርም የትኛው ልኬት እንደሆነ ሳይታወቅ እንዲሁ ያሳስታል። በሻይሎ ተማረከ የተባለው ሽጉጥ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ፣ ካርዱ ላይ ካለው ስም ይልቅ በርሜሉ ላይ የታተመው ጽሑፍና በሲሊንደሩ ጀርባ ያሉት ቁርጦች ሊሰሙ ይገባል።